ከለንደን እስከ ኮልብሩክዴል፦ የአሮጌ ብረት የጉዞ ማስታወሻ

እሑድ። ለንደን የገባሁት ከሰዓት በኋላ ነው። ጥቅምት ሊያልቅ ነው፤ ዝናቡ ዘነበ እንዳይባል ጃንጥላ ሲዘረጉለት ያቆማል፣ አልዘነበም እንዳይባል ጃንጥላው ሲታጠፍ ይመለሳል። ያረፍኩት በከተማዋ ደቡብ፣ ካምበርዌል በሚባል ሰፈር፣ የአክስቴ ልጅ ቤት ነው። ከሃያ ዓመት በላይ እዚህ የኖረ፣ ቀዩን ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡስ የሚነዳ ሰው ስለሆነ መንገድን ከሱ በላይ የሚያውቅ የለም። የመጣሁበትን ጉዳይ ስነግረው ሳቀብኝ። «አሮጌ ብረት ለማየት? ምን ነው፣ ምናለሽ ተራ ተዘጋ እንዴ?» አለኝ።

ቀልዱ ግን ቁም ነገር አለው። መርካቶ ምናለሽ ተራም የፈረሰ ቤት በር፣ ፍርግርግና ምሰሶ ሁለተኛ ሕይወት ያገኛል፤ ብረቱ የሚመዘነው ግን በኪሎውና በጥቅሙ ነው፣ ማን ሠራው፣ መቼ ተሠራ ብሎ የሚጠይቅ የለም። እኔ የመጣሁት ሌላውን ገበያ ለማየት ነው። በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን፣ ከ1837 እስከ 1901 ድረስ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፣ በብሪታንያ ማቅለጫዎች ውስጥ እየተቀዳ ቤቱንም ጎዳናውንም የሞላው ብረት ማለትም የበረንዳ መከለያው፣ ጠመዝማዛ ደረጃው፣ የመብራት ምሰሶው፣ የጫማ ጭቃ መፋቂያው ሁሉ ሕንፃው ሲፈርስ እየተነቀለ ዛሬ እንደ አንቲክ ይሰበሰባል። ያ ብረት በየት በኩል አልፎ ከሚዛን ላይ ወርዶ በመልኩ መሸጥ እንደ ጀመረ በዓይኔ ማየት ፈለግሁ።

ሳይመሽ ትንሽ እንራመድ ብሎ ዶግ ኬነል ሂል የተባለ ዳገት ላይ ወሰደኝ። የማዘጋጃ ቤት የኪራይ ፎቆች አሉ፣ ፊት ለፊታቸው ጥቁር ቀለም የተቀባ የሽቦ መረብ አጥር። አጥሩን ሳየው አንድ ነገር ግራ ገባኝ፤ መረቡን የያዘው ቱቦ ጫፍና ጫፉ ላይ ያለ ምክንያት የታጠፈ ይመስላል። ምክንያቱን የነገረኝ የአክስቴ ልጅ ነው፣ እሱም ከተሳፋሪ ሽማግሌዎች የሰማው። አጥር ሆኖ የቆመው ቃሬዛ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከተማዋ በቦምብ ስትደበደብ ለቁስለኛ ማንሻ ተብሎ በብዛት የተሠራ ነው፤ ሸራ ቀርቶ ብረት የሆነው መርዝ ጋዝ ቢጣል ታጥቦ እንዲነጻ፣ የታጠፈውም መሬት ላይ ሲቀመጥ እጅ የሚያስገባ ክፍተት እንዲኖረው ነው። ጦርነቱ ሲያልቅ የተረፈውን በጎኑ እያቆሙ አጥር አደረጉት።

አጥር ያነሰበትም ምክንያት አለ። ከ1941 ጀምሮ መንግሥት ለጦር መሣሪያ ብረት ያስፈልገኛል ብሎ የየቤቱንና የየመናፈሻውን የብረት አጥር እየቆረጠ ጫነ። ስንቱ በእርግጥ ታንክና መርከብ እንደ ሆነ እስከ ዛሬ ያከራክራል። ወደ ቤት ስንመለስ የአክስቴ ልጅ ስልኩን አብርቶ የአንድ ቤት የድንጋይ ግንብ አሳየኝ፤ በግንቡ አናት ላይ የጣት ውፍረት ያላቸው የብረት ጉቶዎች ተሰልፈዋል፣ እያንዳንዱ ዙሪያውን ግራጫ እርሳስ አለው። የጥንቱ ሠራተኛ ድንጋዩን በስቶ ብረቱን ካቆመ በኋላ የቀለጠ እርሳስ ያፈስበት ነበር። አጥሩ ከሄደ ሰማንያ ዓመት አልፎታል፣ እርሳሱ ግን ጉቶውን አልለቀቀም። ለዚህ ገበያ መፈጠር አንዱ ሰበብ ይኸው የተቆረጠው አጥር ይመስለኛል። የጎረቤቱ አጥር ተርፎ የራሱ የተቆረጠበት ሰው ዛሬ ተመሳሳዩን ፍለጋ ሲዞር ይኖራል።

ሰኞ። ለአውቶቡስ 1 ፓውንድ ከ75 ፔንስ ከፈልኩ፣ በካርድ ብቻ ነው። ፎቁ ላይ ወጥቼ ፊት ለፊት ካለው ወንበር ተቀመጥኩ። ዌስትሚንስተር ወርጄ በቴምዝ ወንዝ ዳር ወደ ምሥራቅ በእግሬ ቀጠልኩ። ወንዙ ጭቃማ ነው፣ ነፋሱ ጆሮ ይቆርጣል።

የመብራት ምሰሶዎቹ የሚጀምሩት ወዲያው ነው። ከ1870 ጀምሮ የቆሙ ናቸው፤ የነደፋቸው ጆርጅ ቩሊያሚ የተባለ አርክቴክት ነው። ሁለት ትልልቅ ዓሣዎች ጭራቸውን ወደ ላይ አንስተው ምሰሶውን ተጠምጥመውታል። ሕዝቡ ዶልፊን ይላቸዋል፣ አፋቸውና ሾጣጣ ቅርፊታቸው ግን ስተርጂን የተባለው ዓሣ እንደሆኑ ይመሰክራል። ጠጋ ብዬ በእጄ ዳሰስኳቸው፤ ቀለሙ ላይ ቀለም እየተደራረበ ቅርፊቱ ሊጠፋ ደርሷል፣ የዓሣው ዓይን ግን አሁንም ይቆጣል። ከዚያ ወዲያ፣ ከግብጽ መጥቶ በ1878 ከተተከለው ሐውልት አጠገብ፣ አግዳሚ ወንበሮቹ ግመል አላቸው። ጭነት እንደ ያዙ የተንበረከኩ የብረት ግመሎች የወንበሩን ክንድ ተሸክመው ተቀምጠዋል። አንዱ ላይ ተቀምጬ ከቤት የያዝኩትን ዳቦ በእንቁላል በላሁ። የቪክቶሪያ ዘመን ሰው ለመቀመጫም ለመብራትም ታሪክ ካልጨመረበት እንቅልፍ አይወስደውም ነበር ማለት ነው።

ለማየት የጓጓሁት ግን ቴምፕል አጠገብ፣ የሲቲ ኦፍ ለንደን ወሰን ላይ የቆሙትን ሁለት ዘንዶዎች ነው። ብርማ ቀለም የተቀቡ፣ ክንፋቸውንና ምላሳቸውን ቀይ ያደረጉ፣ ጋሻ የያዙ ናቸው። ሰው ሁሉ የወሰን ምልክት ሆነው የተሠሩ ይመስለዋል። አይደሉም፤ ከፈረሰ ሕንፃ የተረፉ ናቸው። ጄምስ በንስተን በኒንግ የነደፈው፣ በ1849 የተከፈተው የድንጋይ ከሰል መገበያያ፣ ኮል ኤክስቼንጅ የተባለው፣ ውስጡ በብረት የተሠራ ክብ አዳራሽ ነበር፤ ዘንዶዎቹ በሱ መግቢያ ላይ የቆሙ ናቸው። በ1962 መንገድ ለማስፋት ተብሎ ሕንፃው ፈረሰ፣ ዘንዶዎቹ ተረፉ፣ በ1963 እዚህ ተተከሉ። ሲቲው ስለወደዳቸው በሌሎቹ መግቢያዎቹ ላይ በግማሽ ቁመት ቅጂያቸውን አቆመ። አንድ ትልቅ ሕንፃ ጠፍቶ የበሩ ጌጥ የአንድ ከተማ ዘበኛ ሲሆን ይህ ጥሩ ዕድል ነው ልበል ወይስ መጥፎ? ቆሜ ሳስብ አንድ ጎብኚ ፎቶ እንዳነሳው ጠየቀኝ፣ አነሳሁት።

ሲመሽ አንገቴን ደፍቼ ሄድኩ፤ ብርዱም ነው፣ በእግረኛ መንገዱ ላይ ያሉትን ክብ የብረት ክዳኖች ለማየትም ነው። ሳህን የሚያካክሉ፣ አበባና ኮከብ የተቀረጸባቸው ክዳኖች ናቸው። ከሰል ሻጩ ቤት ሳይገባ፣ አቧራ ሳያስነሳ፣ ከሰሉን በዚያ ቀዳዳ ወደ ምድር ቤት ያፈስ ነበር። ቅርጹ እንዲሁ ለማማር አይደለም፤ እግረኛ በዝናብ እንዳይንሸራተት ነው። ክዳኑ እንዳይሰረቅ ከሥር በሰንሰለት ይታሰር እንደነበር አነበብኩ። አንዳንዱ የሠሪው ስምና ሰፈር አለበት፤ ሄይዋርድ ብራዘርስ፣ ቦሮ የሚል አራት አምስት ቦታ አየሁ።

ማክሰኞ። ቪክቶሪያ እና አልበርት ሙዚየም መግቢያው ነፃ ነው። ሦስተኛው እርከን ላይ፣ ከዋናው መግቢያ አዳራሽ በላይ፣ የሄሪፎርድ ካቴድራል ግርዶሽ ቆሟል። መዘምራኑን ከምእመናኑ ለይቶ የሚቆም የብረት ግርዶሽ ነው፣ ቁመቱ ከ10 ሜትር ያልፋል። ጆርጅ ጊልበርት ስኮት ነድፎት የኮቨንትሪው ፍራንሲስ ስኪድሞር በ1862 ሠራው፣ ካቴድራሉ ከመግባቱም በፊት በዚያው ዓመት የለንደን ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ላይ አስደነቀ። ብረት፣ ነሐስ፣ መዳብ፣ ሞዛይክ፣ የከበረ ድንጋይ አለበት፤ ቅጠሉ በቅጠል ላይ ይጠመጠማል፣ መሐል ላይ ክርስቶስ በመላእክት መካከል ቆሟል። ቀለሙን አይቼ ደነገጥኩ፤ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ወርቅ። በሄድኩበት ሁሉ ጥቁር የተቀባ ብረት ሳይ ስለ ሰነበትኩ ቪክቶሪያውያን ሁሉን የሚያጠቁሩ መስሎኝ ነበር።

የግርዶሹ ዕድል ከውበቱ ይበልጥ ያስገርማል። ከመቶ ዓመት በኋላ ዘመኑ ተለወጠና ጌጥ ማብዛት ነውር ሆነ፤ በ1967 ካቴድራሉ አስነቀለው። ተበታትኖ፣ በሳጥን ታሽጎ ወደ ኮቨንትሪ ሄደ፣ እዚያም ማደሻ ገንዘብ ጠፍቶ ዓመታት ተቀመጠ። ሙዚየሙ የተረከበው በ1983 ነው፤ ታድሶ ዛሬ የማየው ቦታ ላይ የቆመው በ2001። አንድ ብረት ቆሻሻ ከመባል ወጥቶ ቅርስ ለመባል ስንት ዓመት ይፈጅበታል ብዬ ለጠየቅሁት ይህ አንድ መልስ ነው፤ ሠላሳ አራት ዓመት፣ ያውም የሚያስቀምጠው ሰው ካገኘ።

በዚሁ ሕንፃ ውስጥ ከ1868ቱ የመቅደላ ዘመቻ የተወሰደ የወርቅ ዘውድና ጽዋ በስብስቡ እንዳለ ኢትዮጵያዊ ሆኖ የማይሰማው የለም። ሄሪፎርድ ግርዶሹን አልፈልግም ብሎ ሰጠ፣ መቅደላን ግን የጠየቀው ሰው አልነበረም። ከብረቱ ጋር የመጣ ሐሳብ ስለሆነ እዚህ ጻፍኩት እንጂ ለሱ ሌላ ጉዞ ያስፈልገዋል።

ከሙዚየሙ ወጥቼ ሩብ ሰዓት ያህል ወደ ሰሜን ተራመድኩና ኬንሲንግተን ጋርደንስ ጥግ ላይ የኮልብሩክዴልን በሮች አገኘሁ። በ1851 ሃይድ ፓርክ ውስጥ በብረትና በመስታወት በቆመው ክሪስታል ፓላስ ለታላቁ ኤግዚቢሽን የተሠሩ ናቸው። ኤግዚቢሽኑ ተዘጋ፣ ክሪስታል ፓላስ ፈርሶ ሌላ ቦታ ተተከለ፣ እዚያም በ1936 ተቃጠለ፤ በሮቹ ግን ተዛውረው ከ1871 ጀምሮ እዚህ አሉ። መኪናው በጎናቸው ይርመሰመሳል፣ ቀና ብሎ የሚያያቸው አላየሁም። የተቀዱት በሽሮፕሻየር አንድ ሸለቆ ውስጥ ነው፣ ነገ የምሄደው እዚያ ነው።

ረቡዕ። ከዩስተን ጣቢያ ባቡር፣ ቀድሜ በመግዛቴ 34 ፓውንድ። ዩስተን የቀድሞ ጌጡን ያጣ ጣቢያ ነው፤ ፊቱ ላይ የነበረውን ትልቅ የድንጋይ በር በ1961 ማፍረስ ጀመሩ፣ የብረት መዝጊያዎቹ ዮርክ ባለው የባቡር ሙዚየም ተርፈዋል። ወልቨርሃምፕተን ላይ ባቡር ቀይሬ ቴልፎርድ ወረድኩ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው። ከዚያ አውቶቡስ፣ 3 ፓውንድ። አገሩ አረንጓዴ ነው፣ በጎች አሉ፣ ቁልቁለቱ ሲጀምር ጫካው ቢጫና ቡናማ ሆኖ ከሁለት ወገን ይጠጋል፤ ይህ ሸለቆ አንድ ጊዜ በጭስና በእሳት ሌሊቱ ቀን ይመስል ነበር ቢሉኝ ለማመን ተቸገርኩ።

ታሪኩ አጭር ነው። በ1709 አብርሃም ዳርቢ የሚባል ሰው ኮልብሩክዴል ላይ የብረት ማዕድንን በእንጨት ከሰል ሳይሆን ከድንጋይ ከሰል በሚወጣ ኮክ አቀለጠ። ጫካ መጨረስ ቀረ፣ ብረት ረከሰ። የልጅ ልጁ፣ ስሙም አብርሃም ዳርቢ፣ በ1779 ሴቨርን ወንዝ ላይ የዓለምን የመጀመሪያ ትልቅ የብረት ድልድይ አቆመ። ድልድዩ ከቪክቶሪያ ዘመን ይቀድማል፣ ግን ሳያዩት ማለፍ አይቻልም። 30 ሜትር ገደማ ይዘረጋል፣ 378 ቶን ብረት ገብቶበታል፤ የቆመውም እንደ እንጨት ሥራ በማጋጠምና በሽብልቅ ነው፣ አናጺ እንጂ ብረት ሠሪ ያሰበው አይመስልም። ብረትን ለድልድይ እንዴት እንደሚገጥሙ የሚያውቅ ገና ስላልነበረ የሚያውቁትን የእንጨቱን ዘዴ ወሰዱ። በ2018 ሲታደስ ቀለሙ ተመርምሮ የመጀመሪያው ቀይ ቡናማ መሆኑ ስለታወቀ አሁን ያንኑ ለብሷል። በዝናቡ ውስጥ ከቅጠሉ ጋር ይመሳሰላል። የቀረጥ ቤቱ ላይ የተሰቀለው የዋጋ ሠሌዳ ወታደርም ሆነ ንጉሣዊ ቤተሰብ ከክፍያ ነፃ እንዳልሆነ ይናገራል። እኔ ግን በነፃ ተሻገርኩ።

ቀኑ የጾም ስለሆነ ምግብ ማግኘት ሥራ ሆነብኝ። አንዲት ሻይ ቤት ውስጥ ያለ ቅቤ ዳቦ በቲማቲም ባቄላ አዘዝኩ፣ ከሻይ ጋር 7 ፓውንድ ተኩል። አስተናጋጇ «ያለ ቅቤ?» ብላ ሁለት ጊዜ ጠየቀችኝ።

የብረት ሙዚየሙ የድሮው ምድጃ አጠገብ ነው። ምድጃው ራሱ በሦስት ማዕዘን መጠለያ ሥር ተቀምጧል፣ ወፋፍራም የብረት አግዳሚዎቹ ላይ 1777 የሚለው ዓመትና የዳርቢ ስም ይነበባል። ሙዚየሙ ውስጥ የቆየሁት ግን ውሾቹ ዘንድ ነው። ጆን ቤል የተባለ ቀራጺ የነደፈው ለ1855ቱ የፓሪስ ኤግዚቢሽን የተቀዳ ጠረጴዛ አለ፤ አራት የአዳኝ ውሾች፣ ልክ በእውነተኛ ቁመታቸው፣ ቁጢጥ ብለው ጠረጴዛውን በራሳቸው ተሸክመውታል። የቆዳቸው ጠጉር ሳይቀር ይለያል። ይህ ከአሸዋ የወጣ ነው ብሎ ማሰብ ይከብዳል፣ እውነቱ ግን ያ ነው። ሠዓሊው ይነድፋል፣ ጠራቢው በእንጨት ይቀርጸዋል፣ ቅርጹ በርጥብ አሸዋ ውስጥ ተጨፍልቆ ይወጣል፣ በቦታው የቀለጠ ብረት ይፈስበታል፣ ሲበርድ አሸዋው ይሰበራል። የእንጨቱ ቅርጽ እስካልተበላሸ ድረስ ሺህ ጊዜ መድገም ይቻላል። ዛሬ በሺህ ፓውንድ የሚሸጠው ዕቃ ሲወለድ በካታሎግ ቁጥር የሚታዘዝ የፋብሪካ ምርት ነበር ማለት ነው። ሸለቆው ውስጥ ብረት መቅዳት እስከ ቅርብ ጊዜ ቀጥሎ ነበር፤ የመጨረሻው ማቅለጫ የተዘጋው በ2017 ነው።

ማደሪያ ያገኘሁት ወንዙ ዳር ባለ አሮጌ ቤት፣ 70 ፓውንድ ከቁርስ ጋር። ማታ በክፍሌ ውስጥ ባለ ብረት ማሞቂያ ላይ ካልሲዬን አደረቅሁ፤ እግሩ ላይ የአበባ ሐረግ አለው።

ሐሙስ። ሰማዩ ጠራ። በ22 ፓውንድ ታክሲ ተሳፍሬ ሽሮፕሻየር ገጠር ውስጥ ወዳለ አንድ የአሮጌ ዕቃ ግቢ ሄድኩ። ቀድሞ የከብት በረት የነበረ ቦታ ነው። በሩ ላይ ስጠብቅ አንድ ጥቁር ውሻ አሸተተኝና ተወኝ።

ግቢው ውስጥ ያየሁትን በቅደም ተከተል መጻፍ አልችልም፣ እሱም ቅደም ተከተል የለውም። የሣር ክምር በሚቀመጥበት ቦታ ጠመዝማዛ ደረጃ ወደ ሰማይ ወጥቶ አየር ላይ ያልቃል፤ ዋጋው 4,800 ፓውንድ የሚል ወረቀት በገመድ ታስሮበታል። አጠገቡ የባቡር ጣቢያ መጠለያ የተሸከሙ ክንዶች ተደራርበዋል፣ በየክንዱ ክብ መሐል የኩባንያው ፊደላት ተጠላልፈዋል። ማሞቂያ ራዲያተሮች እንደ መጽሐፍ ተሰልፈዋል፣ በአንድ ክፍል 45 ፓውንድ። የግድግዳ ምድጃዎች። የሽንት ቤት ታንከር መያዣ ክንዶች፣ ጥንዱ 35 ፓውንድ፣ ዛሬ ሰዎች መደርደሪያ ይሠሩባቸዋል። የቡና ቤት ጠረጴዛ እግሮች፣ በየእግሩ ራስ ቁር የደፋች ብሪታኒያ፣ አገሪቱ በሴት የምትመሰልባት ምስል። የጫማ ጭቃ መፋቂያ፣ 85። የጣሪያ ዝናብ መቀበያ ሳጥኖች፣ አንዱ ላይ አንበሳ ያፈጣል። ሽታው የዘይትና የርጥብ ዝገት ነው፤ በእጄ ስዳስስ ጣቴ ብርቱካናማ ሆነ።

ባለ ግቢው ሰባ የሚጠጋቸው ቀጭን ሰው ናቸው፣ አነጋገራቸው የአገሩ ስለሆነ ግማሹን እያስደገምኩ ሰማሁ። ከሩቅ መምጣቴን ሲሰሙ ሻይ በወተት አመጡልኝና ወደ አንድ አግዳሚ ወንበር ወሰዱኝ። ጀርባው የፈርን ቅጠልና የእንጆሪ ሐረግ ነው፤ የኮልብሩክዴል ሥራ፣ ዋጋው 2,600።

«ከማመንህ በፊት ገልብጠው» አሉኝ። ሁለታችን አንስተን ገለበጥነው፤ ወገቤ ነገረኝ። ከጀርባው በኩል ትንሽ የአልማዝ ቅርጽ ምልክት አለ። ከ1842 እስከ 1883 ድረስ ንድፉን ያስመዘገበ ፋብሪካ የሚያትመው ምልክት ነው። አናቱ ላይ ባለች ክብ ውስጥ ያለው የሮማ አንድ ቁጥር ዕቃው የብረታ ብረት ወገን መሆኑን ይናገራል፤ በየማዕዘኑ ያሉት ፊደልና ቁጥሮች ዓመቱን፣ ወሩንና ቀኑን። የዓመቱ ፊደል እስከ 1867 አናት ላይ ነበር፣ ከዚያ በኋላ ወደ ቀኝ ተዛወረ። ይህ ንድፍ የተመዘገበው በ1858 ነው። «ግን ልብ በል» አሉ፣ «የንድፉ ልደት ነው እንጂ የወንበሩ አይደለም። ከሃያ ዓመት በኋላ የተቀዳውም ያንኑ ምልክት ይዞ ይወጣል።»

ከዚያ ትምህርት ቀጠለ። አንደኛ ማግኔት፤ አሉሚኒየም ሆኖ ጥቁር የተቀባ ቅጂ ብዙ ስለሆነ። ሁለተኛ ሜትር። የቀለጠ ብረት ሲበርድ ከመቶ አንድ እጅ ያህል ይኮማተራል፤ ስለዚህ አሮጌውን ዕቃ ራሱን እንደ ቅርጽ ተጠቅሞ አሸዋ ላይ ጨፍልቆ አዲስ የቀዳ ሰው የሚያገኘው በትንሹ ያነሰ ወንበር ነው። ቅጠሉም ይደፈናል። እውነተኛውን ከቅጂው አጠገብ አድርገው አሳዩኝ፤ በአንዱ የቅጠሉ ጅማት ጥፍር ይይዛል፣ በሌላው ጣት ይንሸራተታል። ሦስተኛ ብሎን። ጭንቅላቱ ላይ የመስቀል ጭረት ያለው ብሎን የቪክቶሪያ ዘመን አያውቀውም። አራተኛ ስብራት። ተቀጥቅጦ የተሠራ ብረት ይታጠፋል፣ ተቀድቶ የተሠራ ግን እንደ ሸክላ ይሰበራል፣ መበየዱም ቀላል አይደለም፤ ቀድሞ መሞቅ፣ በኒኬል ዘንግ መበየድ፣ ቀስ ብሎ መብረድ አለበት፣ አለዚያ በብየዳው ጎን እንደገና ይሰነጠቃል። ስለዚህ ገዢ የሚዳስሰው ፊቱን ሳይሆን ጀርባውን ነው፣ የተደበቀ ጠጋኝ ሳህን ካለ ብሎ።

ቀለም ላይ ግን አልተግባባንም። ከታች ያለው የድሮ ቀለም እርሳስ ስላለበት በደረቁ መፋቅ ለጤና አደጋ ነው አሉኝ፣ ይህ ገባኝ። ያልገባኝ ሌላው ነው። አንድ ዓይነት ሁለት የበረንዳ መከለያ ጎን ለጎን ቆመዋል፤ አንዱ ተጠርጎ፣ አንቲረስት ተቀብቶ፣ ጥቁር ቀለም ለብሶ 120 ፓውንድ፤ ሌላው ዝገቱ ላይ ሰም ብቻ ተቀብቶ 190። ለምን ብዬ ጠየቅሁ። «የለንደን ሰው ዝገት ይወዳል» ብለው ትከሻቸውን ነቀነቁ። ዝገት በሽታ ነው ተብሎ ላደገ ሰው ይህን መቀበል ይከብዳል፣ እኔ አሁንም የተቀባውን እመርጣለሁ።

ከመከለያዎቹ በአንዱ ላይ ሳራሰን ፋውንድሪ፣ ግላስጎው የሚል ጽሑፍ አለ። የዋልተር ማክፋርሌን ማቅለጫ ነው፣ ፖሲልፓርክ ላይ አንድ ሰፈር የሚያክል። ካታሎጉ ውስጥ ሁሉም ነገር ቁጥር አለው፤ ከሕንድ ወይም ከደቡብ አፍሪካ ያለ ማዘጋጃ ቤት ቁጥሩን ይጽፋል፣ ፏፏቴው ወይም የሙዚቃ ሰገነቱ በቁርጥራጭ ተፈትቶ በመርከብ ይሄዳል፣ እዚያ በብሎን ይገጣጠማል። ለዚህ ነው ተፈትቶ መዳኑም የቀለለው፤ ሲሠራ የተገጣጠመ ነገር ሲፈርስም ይፈታል። ድርጅቱ በ1960ዎቹ ተዘጋ።

ከየት እንደሚገዙ ስጠይቃቸው መልሳቸው ረዘመ። ከአፍራሽ ኮንትራክተር፣ ከቤተ ክርስቲያን፣ ከተዘጋ ቡና ቤት። በቅርስነት ከተመዘገበ ሕንፃ ያለ ፈቃድ ማንሳት ወንጀል ነው፤ የሌባ ዕቃ ደግሞ የዚህ ንግድ ቁስል ነው፣ አንድ ሌሊት የመቃብር ስፍራ በር ተነቅሎ ይሄዳል። ሳልቮ በሚባለው የነጋዴዎች ደንብ የተስማማ ሻጭ የተጠራጠረውን አይገዛም፣ የሚያመጣለትን ሰውና የመኪናውን ሰሌዳ ይመዘግባል። መዝገባቸውን ከፍተው አሳዩኝ፣ በእርሳስ የተጻፈ። የትኛው ዕቃ ከየትኛው መንገድ፣ ከየትኛው ቤት ቁጥር እንደ መጣ ይነበባል። ይህን ሳነብ ዋጋው ለምን እንደሚለያይ በከፊል ገባኝ፤ አድራሻ ያለው ብረት አድራሻ ከሌለው ይወደዳል። ነጋዴው ከቦታው ነቅሎ ያመጣውን ዕቃ የቦታውን ስም አያይዞ ይሸጠዋል። ለእኔ ግን ሰኞ ዕለት የተቀመጥኩበት ግመል ከዚህ ሁሉ ይበልጥብኛል፣ አሁንም ሰው ይቀመጥበታልና።

ግቢው ጥግ ላይ አንድ ትልቅ ክፍት የብረት ሳጥን አለ፣ የጭነት መኪና እየመጣ የሚወስደው። የተሰበረ ቅጠል፣ ግማሽ ራዲያተር፣ አንገቱ የተቀጠፈ የአጥር ጦር፣ ጥንዱ የጠፋ ክንድ ሞልቶታል። ይህ በኪሎ ይሄዳል አሉኝ። እኔ ፍለጋ የመጣሁት ወሰን ከወንበሩ እስከ ሳጥኑ አሥራ አምስት እርምጃ ነው። ማን ይወስናል ስላቸው «እኔ፣ ዓርብ ዓርብ፣ ቦታ ሲጠበኝ» አሉ።

ታክሲዬን ስጠብቅ አንዲት ጎልማሳ ሴት መጣች፣ ቦት ጫማ ያደረገች፣ በእጇ የካርቶን ቅርጽ የያዘች። የቤቷ አጥር ሦስት ጦር ጎድሎታል፣ በካርቶን ቆርጣ ልኩን ይዛ በየግቢው ትዞራለች። ደርዘን ሙሉ ጦር ያለበትን ሳጥን አሳዩዋት፣ አንዱም አልገጠመም። ከዚያ ሳትጠይቅ ወደ ጥጉ ሳጥን ሄደች፣ ጓንት አጥልቃ ትቆፍር ጀመር፣ ካርቶኑን እየለካች ሁለት አወጣች። አንዱ ጫፉ ተቀንጥቧል። ሰውየው እያንዳንዱን በ30 አሏት። እሷ ቆሻሻ ውስጥ ነው ያገኘኋቸው አለች። እሳቸው እጅሽ ውስጥ ነው ያሉት አሏት። ታክሲው ጡሩምባ ነፋ፤ ስወጣ 40 ለሁለቱ የሚለው ላይ ደርሰው ነበር።